የወናፉ ከሰል

ጢስ ዓባይ፣ ጥር 14 ቀን 2017

ዛሬ ከእህቴ ልጅ ጋር በሁለት ብርጭቆ የቀይ ሥር ውኃ ቀዳን። አንደኛው ውስጥ በሙቀጫ የደቀቀ የቤት ከሰል ጨምሬ ካማሰልኩ በኋላ በጨርቅ አጠለልኩት። ያው ቀይ ነው፤ ደብዘዝ አለ እንጂ አልጠራም። ልጁ ቅር አለው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ «ከሰል ቀለም ይይዛል» ብዬ ሳስተምር ኖሬያለሁና እኔም ከፋኝ። ቀለም የሚይዘው ግን ውስጡ በደንብ የተቦረቦረው ነው፤ አክቲቬትድ ካርቦን የሚሉት። የ1 ግራሙ ቀዳዳዎች ግድግዳ ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጁ «ከግቢያችን ይሰፋል!» አለና የቀረችውን ፍርፋሪ አገላብጦ አያት።

ጥር 17

ከሰል የምታመጣልኝ ሴት መጣች። ማዳበሪያው አናቱ በቅጠል ተሸፍኖ በገመድ ተጠልፏል። ከየት እንደሆነ ስጠይቃት «ከአዊ ነው፣ መምህር፤ የዲከረንስ ነው፣ አይፈነጥቅም» አለችኝ። እዚያው አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ውስጥ ገበሬው የዲከረንስን ዛፍ እንደ ሰብል ይተክለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል፣ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ተጎድቷል። ክምሩን አፈር አልብሰው፣ ሌሊት ሳይቀር ጢሱን እየጠበቁ ነው የሚያከስሉት። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ከሰሉ የሚሸጠው በማዳበሪያ ነው። የሚጠየቀው መሙላቱ ብቻ ነው።

ጥር 23

ዓለም ይህን የተቦረቦረ ከሰል አጥብቆ እየፈለገው ነው። ዋናው ምክንያት ውኃ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የማይጣበቅ መጥበሻና የእሳት ማጥፊያ አረፋ ሲሠራ የኖረባቸው ሁለት ኬሚካሎች በመጠጥ ውኃ ውስጥ እያንዳንዳቸው ከ1 ትሪሊዮን 4 እጅ እንዳይበልጡ ደነገገ። ያን ያህል ጥቂት ነገር ለቅሞ ለማስቀረት ከተሞች ከሚይዟቸው መንገዶች አንዱ የከሰል ማጣሪያ ነው። በድንጋይ ከሰል የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም ሜርኩሪን ለመያዝ የተቦረቦረውን ከሰል ዱቄት ጢሱ ውስጥ ይነፉታል። ወርቅ አውጪዎች ደግሞ ሳያናይድ ውስጥ የሟሟውን ወርቅ የሚለቅሙት በዚሁ ነው፤ እነሱ የኮኮናት ቅርፊት ይመርጣሉ፣ ሲማሰል አይደቅምና። ስሪላንካ፣ ህንድ፣ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ያን ቅርፊት አክስለው ዶላር ያገኙበታል።

የዚህ ከሰል ስም መጀመሪያ የገነነው ግን በጦር ሜዳ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ ሲመጣ ጭንብል ውስጥ ገባ። በታኅሣሥ 1928 ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ተከዜ ላይ ሳሉ ኢጣሊያ ከአውሮፕላን መርዝ አወረደባቸው። ወታደሩ ጭንብል አልነበረውም፤ ቆዳ የሚልጥ መርዝ ነበርና ጭንብል ብቻውን ባላዳነውም ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይከብደኛል።

የካቲት 1

ከሰሉን እኛው ለመቦርቦር ከቀጥቃጩ ጎረቤቴ ጋር ዋልኩ። ያረጀ የብረት ቧንቧ ውስጥ 400 ግራም ከሰል ሞልቼ እሳቱ ላይ አጋደምኩት። በአንድ ጫፉ በኩል የጀበና አንገት አስገብቼ ዙሪያውን በጭቃ ለሰንኩት፤ ጀበናው ምድጃ ላይ ይፈላል። ወናፉ ሲነፋ ቧንቧው ፍም መሰለ። የጀበናው እንፋሎት በጋለው ከሰል መሃል አልፎ በሌላው ጫፍ ሲወጣ፣ እሳት ብናስጠጋው ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ቀጥቃጩ እጁን ከወናፉ ላይ አንስቶ «መምህር፣ ውኃውን እያነደዱት ነው እንዴ?» አለኝ። ውኃውና ከሰሉ ተዋግተው የወጣ ጋዝ ነው አልኩት። መርዝ ስላለው ደጅ ላይ መሥራታችን በጀን። እንፋሎቱ ከሰሉን ከውስጥ እየበላ ነው የሚቦረቡረው። አንድ ሰዓት ከሞላን በኋላ ሁለቱንም ጫፍ በጭቃ ደፈንነው፤ ሳይበርድ አየር ካገኘ አመድ ይሆናል።

«ከሰል በከሰል አቃጥለው ምን ሊያተርፉ ነው?» ሲለኝ ወዲያው መልስ አጣሁ።

የካቲት 2

ጠዋት ከፈትነው። 230 ግራም ቀርቷል። እጅ ላይ ሲይዙት ክብደት የለውም። አድቅቄ ቀይ ሥሩ ውስጥ ጨመርኩት፣ አጠለልኩት፤ ውኃው እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። ልጁ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው።

ለዚህ ሲባል አንድ ዛፍ ተጨማሪ እንዲወድቅ አልሻም። በምትኩ የቡና ገለፈት አለን። እምቦጭ የሚባለውን የውኃ አረም ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሞክረውታል፤ ነገር ግን ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው፣ አመዱም ብዙ ነው። እኔ በገለፈቱ ብንጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። በዚህ መንደር በ1956 ከፏፏቴው መብራት ማመንጨት ተጀመረ፤ ቧንቧውን የሚያግል ኃይል አጠገባችን ነው። የጎደለን መለኪያ ነው። የውጭ ገዢ አዮዲን ምን ያህል እንደሚይዝ፣ አመዱንና ጥንካሬውን በቁጥር ካላየ አይገዛም፤ ነገ የሚመጣው ጭነት እንደ ዛሬው መሆኑንም ማረጋገጫ ይፈልጋል።

የካቲት 5

ከሰል ሻጯ የጠራውን ውኃ አይታ እፍኝ ልውሰድ አለችኝ፣ ለእንስራዋ። ሰጠኋት፤ ሽታና ቀለም ቢይዝም ጀርም እንደማይገድል፣ የሚጠጣውን ማፍላት እንዳትተው ነገርኳት። ከዚያ ቁጭ ብላ በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

«ግማሽ ያህሉ ከጠፋ፣ ማዳበሪያው ስንት ቢሸጥ ነው የሚያዋጣኝ?»

አብረን አሰብነው፤ የቀጥቃጩን እሳት፣ ቧንቧውን፣ የሚጠፋውን። ወረቀቱ ሞላ። ሐሙስ ሚዛኗን ይዛ ትመጣለች፤ እኔም ገለፈት አስልኬያለሁ።