ደብዳቤያችን የት ነው የተቀመጠው?

እኛ የአብርሃ ጅራ ልጆች፣ አብዛኞቻችን ኢሜይል የከፈትነው ጎንደር ኢንተርኔት ቤት ገብተን ነው፤ ያውም ለመጻጻፍ ሳይሆን ለዲቪ። የዲቪ ማመልከቻ በ1996 ዓ.ም. በፖስታ መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ሆኖ ነበር። አድራሻውንም ፓስወርዱንም የሚያወጣልን የቤቱ ልጅ ነው። ደብተር ጀርባ ላይ ጽፈን ይዘን፣ ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ እንመለሳለን። ክረምት ዋልካው መንገዱን ሲይዘው የመጣልንን ደብዳቤ ሳናየው ወራት ያልፋል።

ታላላቆቻችን የሠሩበት ስልት ሌላ ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ በስልክ መስመር ስለነበር፣ መስመር ላይ የቆዩበት ጊዜ ሁሉ ገንዘብ ነው። ፖፕ የሚባለው ፕሮቶኮል ለዚህ ይመቻል፦ ኮምፒውተሩ ይደውላል፣ የመጣውን በሙሉ ያወርዳል፣ ካልተከለከለ ከሰርቨሩ ይሰርዘዋል፣ መስመሩ ይዘጋል። ንባቡ ከዚያ በኋላ በእርጋታ ነው። ኮምፒውተሩ ከተቃጠለ ግን ደብዳቤውም አብሮ ሄደ።

ማርክ ክሪስፒን በ1986 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የነደፈው አይማፕ የሚባል ፕሮቶኮል ነገሩን ገለበጠው። ዋናው ደብዳቤ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ስልክ ላይ ያነበብነው ላፕቶፕ ላይም የተነበበ ሆኖ ይታያል፣ አንዱ ላይ የሰረዝነው ከሁሉም ይጠፋል። ለመላክ ግን ያኔም ዛሬም ኤስኤምቲፒ ነው። የእኛ ትውልድ ያደገው ደብዳቤው ሰርቨር ላይ በሚቀርበት ዘመን ነው፤ ማውረድ የሚባለውን ልማድ ያስተማረን የለም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዋጋውን ከፈልን። ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃውን፣ ስካን አስደርጎ ለራሱ በኢሜይል የላከ ተመራቂ፣ የደብዳቤው ርዕስ ስልኩ ላይ ይታየዋል፤ አባሪውን ሲነካው ክቧ ትሽከረከራለች እንጂ ወረቀቱ አይከፈትም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጁ የደከመበት ማስረጃ በእጁ ሳይሆን ባሕር ማዶ ነበር።

አሁን ታናናሾቻችን ላፕቶፕ ሲገዙ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም እንጭንላቸዋለን። የምናገናኘው በአይማፕ ነው፣ የደብዳቤዎቹን ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲያስቀምጥ አዝዘን። ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል። ሰርቨሩ ላይ የተሰረዘ ደብዳቤ ግን ሲገናኝ ከላፕቶፑም ስለሚሰረዝ፣ ቴምፖውና የመሬት ይዞታ ደብተሩ ለብቻቸው ፍላሽ ላይ ይገለበጣሉ።