«ጋሼ፣ ዘፈኑን እኮ በገንዘቤ ነው የገዛሁት!»

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ጫንጮ ነው። ማታ ማታ በስልኩ ቪዲዮ ይቆራርጣል፤ የጥንቱን ፊልም በዘመኑ ዘፈን ያስጨፍረዋል። እኔ ራሴ ስንቴ ሆዴን ይዤ ስቄበታለሁ! ዩቲዩብ ላይ ያዩት ሰዎች የሰርግ ቪዲዮ እንዲያቀናብርላቸው ይጠሩታል። እናቱ ወተት ሸጣ ከምታገኘው ጋር ተደምሮ የታናሽ እህቱ ትምህርት ቤት የሚከፈለው በዚሁ ነው።

ታዲያ አንድ ሙዚቃ ቤት ሁለት ጊዜ አቤት አለበትና ሁለት ማስጠንቀቂያ መጣበት። በ90 ቀን ውስጥ ሦስተኛው ከተጨመረ ቻናሉ ደህና ሰንብት!

«ጋሼ፣ ዘፈኑን እኮ በገንዘቤ ነው የገዛሁት!» ይለኛል።

የገዛው መስማቱን ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ማባዛቱ ብቻ ሳይሆን መለወጡም፣ ለሕዝብ ማሰራጨቱም የባለመብቱ ነው። «የድሮ ዘፈን የማንም ነው» የሚባለውም ተረት ነው፤ የደራሲ መብት እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ይቆያል። ደግሞ አንድ ዘፈን ስንት ጌታ አለው መሰላችሁ? ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲ፣ ድምፃዊው፣ አሳታሚው… ዘፋኙ «ይሁን ልጄ» ቢለው እንኳ መብቱን በካሴት ዘመን ሸጦት ሊሆን ይችላል።

አዋጁ ጥቅስ ይፈቅዳል። ግን ከሚያስፈልገው መጠን ሳያልፍ፣ በአግባቡ፣ ምንጩና የደራሲው ስም ተጠቅሶ ነው። የዘፋኙን ስም ከታች ጽፎ ሙሉውን ዘፈን መልቀቅ ጥቅስ አይባልም።

ግን የልጁም ብሶት አለ። አሜሪካ ውስጥ አንዲት እናት ሕፃኗ ሲጨፍር የሚያሳይ የ29 ሴኮንድ ቪዲዮ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ለቅቃ ከበስተኋላው ዘፈን ስለነበረ ብቻ ተነሳባት። ከሰሰች፤ በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ባለመብቱ ከማስነሳቱ በፊት አጠቃቀሙ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን ማጤን አለበት አለ። ስምንት ዓመት ለ29 ሴኮንድ! የእኛ ልጅ መቃወሚያ ቢልክ ሙሉ ስምና አድራሻውን ለከሳሹ ሰጥቶ፣ አሜሪካ ፍርድ ቤት ብከሰስ እቀበላለሁ ብሎ መፈረም አለበት። ያውም ከጫንጮ!

ቪዲዮውን ማጥፋትም ማስጠንቀቂያውን አያነሳም። ከመቃወሚያው ሌላ የሚያነሳው ወይ የ90 ቀኑ ማለፍ፣ ወይ የአቤት ባዩ ምሕረት ነው። ስለዚህ «የሌላ ሰው ዘፈን የገባበትን አዲስ ሥራ አቁም፤ ለሙዚቃ ቤቱ በጨዋ ቋንቋ ጻፍ» አልኩት። ክራር የሚመታ ጎረቤት አለው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀብሎ አዲስ እንዲሠራ መከርኩት።

ደብዳቤውን ከላከ 17 ቀን ሆነው። መልስ የለም። እናቱ ማታ ማታ ትደውልልኛለች፤ «ዛሬስ?» ትለኛለች።