«ሙያ የለኝም» ያሉት ባለሙያ

በአማርኛችን ቁስልም ይሰፋል፣ መሶብም ይሰፋል። እኔ በሕክምና ትምህርት የምማረው ስፌት ፈተናና ማርክ፣ ኋላም ደመወዝ አለው። የእናቴ ስፌት ግን ፈታኞቹ ጎረቤቶች ናቸው፤ ክፍያውም «ባለሙያ ናት» መባል ብቻ ነው።

ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገኝ እዚሁ ሪያድ የገጠመኝ ነው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ አንዲት የወሎ እናት ቅጽ እንድሞላላቸው ጠየቁኝ። «ሙያ» ከሚለው መስመር ላይ ስደርስ፣ «እትዬ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው። «ምን ሙያ አለኝ ልጄ፤ ባዶውን ተወው» አሉኝ። ይህን ሲሉ እጃቸው አላረፈም፤ ስንደዶ ቢያጡ በዘንባባ ቅጠል ሙዳይ ይሰፉ ነበር። አስፈቅጄ «የስፌት ባለሙያ» ብዬ ሞላሁት። ደመወዛቸው ግን በዚህ አልጨመረም።

ወገኖቼ፣ ሥራውን ልብ ብለን እንመልከተው። ሣሩ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከፊሉ በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ሲሰፋ እንዳይሰበር በውኃ ይርሳል። የሣሩ እስር እየተጠመጠመ ይዞራል፣ በወስፌ እየተበሳም ከቀደመው ዙር ጋር ይያያዛል። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የጥምጥሙ ብዛት ስለሚለወጥ፣ ሰፊዋ ቀለም የምትቀይርበትን ቦታ ያለ ወረቀት አስልታ ትይዛለች። ይህ ሒሳብ ካልሆነ ሒሳብ ምንድን ነው?

በሐረር ስፌት የቤት ግድግዳ ክብር ነው። በአሜሪካ፣ በአሪዞና የሚኖሩ የሆፒ ሴቶችም በተመሳሳይ የጥምጥም ዘዴ ይሰፋሉ። በሠርጋቸው የሙሽራው ዘመዶች ለሙሽራይቱ ልብስ ይሸምናሉ፤ የእርሷ ወገኖችም ውለታውን በስፌት ይመልሳሉ። እዚያ የሴት እጅ ሥራ ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው። የምንማርባት አገር ሳዑዲ ዓረቢያም 2025 እ.ኤ.አ.ን የእጅ ሙያ ዓመት ብላ ሰይማ ነበር።

በእኛ ኅብረተሰብ ግን የሴቶች ጉልበት ዛሬም ከቤት ሥራ አልፎ ከምርት አይቆጠርም። እኛም የተማርነው ከዚህ ነፃ አይደለንም። በባህል ምሽታችን መሶቡን መሐል አቁመን ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ማን እንደሰፋው ግን አንጠይቅም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበራችን በከተማው ያሉ ሰፊዎችን ጋብዞ ያስተምሩን፤ ለሰዓታቸውም እንደ ማንኛውም አስተማሪ ይክፈላቸው። እያንዳንዳችንም ወደ ቤት ስንደውል የእናታችንን የስፌት ንድፍ ስም ጠይቀን ከነሠሪዋ ስም እንመዝግብ። እጃቸው ሳይደክም፣ ዓይናቸው ሳይፈዝ ይሁን።