ጀፎረውና ብስክሌታችን

ብስክሌት ሲባል በአሳባችሁ የሚመጣው እንደ ባሕር ዳር ወይም እንደ ሐዋሳ ያለ ሜዳማ ከተማ ይሆናል። እኔ የማስተምርባት እምድብር ግን ሜዳዋ ጥቂት፥ አቀበቷ ብዙ ነው። ከወልቂጤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ አገር ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ሆነን በብስክሌት እንወጣለን ብላችሁ፥ «ምነው፥ ጤና የላችሁምን?» ሳትሉኝ አትቀሩም።

ሁለት መምህራን፥ አንዲት ነርስ፥ አንድ ብስክሌት ጠጋኝና ሦስት ተማሪዎች ነን። የምንነዳው ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፥ ማርሹም ብዙ የሆነውን የተራራ ብስክሌት ነው። ይህ ስፖርት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፥ አሮጌ ብስክሌት እያደሱ ከታማልፓይስ ተራራ ቁልቁል በሚወርዱ ወጣቶች ታወቀ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአትላንታ ከኦሎምፒክ ውድድሮች አንዱ ሆነ። አገራችንም ብትሆን ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትገባ፥ ከሯጮቿ ጋር እነገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር።

ለማኅበራችን ሕጉ ጥቂት ነው። አቀበት ሲመጣ ማርሽ ማቅለል፥ ከኮርቻም አለመነሣት፤ ጠጠር በበዛበት ቁልቁለት ሰውነትን ወደ ኋላ ማድረግና የፊቱን ፍሬን አለማነቅ፤ ካላማዳሪ የፈነዳበት ቢኖር ሁሉም መቆም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፥ የጉዞው ፍጥነት የኋለኛው ሰው ፍጥነት ነው የሚለው ነው። ጉልበታሞቹ ተማሪዎች በዚህ ቢያጉረመርሙም ለምደውታል።

አሁን ልነግራችሁ ወደ ፈለግሁት ልመለስ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ጀፎረ እናገኛለን። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚዘረጋ፥ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይሰለፋሉ፤ እንሰቱ በጓሯቸው ነው። ከብት የሚሰማራው፥ ሠርግና ለቅሶ የሚዋለው፥ ሽማግሌ የሚቀመጠው፥ የመስቀል ጨዋታ የሚደምቀው በዚያው ነው። የሚታረስ መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ይህ ሁሉ ሣር ሳይታረስ የኖረው ሰው ስላላሻው አይደለም፤ እያሻው ስለተወው ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረው የሚገፋ ቢገኝም በባህላዊው ሕግ፥ በቂጫ ይዳኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፥ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጀፎረው ጫፍ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ከደጃፋቸው ወጡና፥ «ልጆቼ፥ እስቲ ወረድ በሉ» አሉን። ወርደን እጅ ነሣን። በከዘራቸው አንድ ቦይ አሳዩን። «ይህ አምና የሞተር ብስክሌት ፋና ነበር። ዘንድሮ ውኃ ገባበት። ከርሞ ጥጃ ይሰበርበታል» አሉ።

ጠጋኛችን በትሕትና፥ «አባባ፥ የእኛ እኮ ሞተር የለውም፤ ቀላል ነው» አላቸው።

«ልጄ፥ ውኃ መንገዱን ማን እንደ ጀመረለት አይጠይቅም» ብለው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ የእኛው ሆነ። ጠጋኛችን ያነሣው ነገር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በመኪናው መንገድ ላይ አይሱዙና ባጃጅ ይጋፋናል፤ ጀፎረው ከቀረብን ልጆቹ በየት ይለማመዳሉ? ነርሷ በበኩሏ፥ «እግር ያላቸው ልጆች ሌላ መንገድ ያገኛሉ፤ ጀፎረው ግን ሌላ ጀፎረ የለውም» አለች። በመጨረሻ በበጋ በጀፎረው ላይ በዝግታ ልንነዳ፥ በክረምት ግን ወርደን በዳር በዳሩ እየገፋን ልናልፍ ተስማማን። ተማሪዎቹ አኰረፉ፤ አንደኛው ሁለት ቅዳሜ ቀረ። ጠጋኛችንም እስከ ዛሬ አልተረታም፤ ሆኖም ዝናብ በዘነበ ጊዜ ከሁላችን ቀድሞ የሚወርደው እርሱ ነው።

የጉራጌ ሰው መንገድን እንዴት እንደሚወድ የሚጠራጠር ካለ ታሪክ ይጠይቅ። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፥ ከነጋዴውም ከሊስትሮውም ገንዘብ እያሰባሰቡ አገራቸው መኪና እንዲገባላት ደክመዋል። ስለዚህ ሽማግሌው የከለከሉን አዲስ ነገር ጠልተው አይደለም። አንዱን መንገድ አባቶች ገንዘብ አዋጥተው ሠሩት፤ ሌላውን ባለማረስና ባለማጠር ጠበቁት። ሁለቱም ድካም ነው፤ የሁለተኛው ግን ለዐይን ስለማይታይ ቶሎ ይረሳል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፥ ወደ እምድብር ብትመጡ ብስክሌት እናውሳችኋለን። አቀበቱ ላይ እንጠብቃችኋለን። ሰማዩ የጠቈረ እንደሆነ ግን ጫማችሁን ለጭቃ አዘጋጁ፤ ጀፎረውን የምናቋርጠው በእግር ነው።