ከባኮ እስከ ወንጪ



የባኮ ሰው ወደ አምቦ የሚሄደው ሲታመም ነው፤ አለዚያም ሲከሰስ፣ አለዚያም ዕቃ ሊያመጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው አውራ ጎዳና 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከተማችን መኪና ቀንና ሌሊት ያልፍባታል። እኛም እንሳፈራለን። ተሳፍረን ግን መጋረጃውን እንስባለን፣ ሻርፓችንን ዓይናችን ላይ ጥለን እንተኛለን፤ ስንነቃ ወይ ሆሎታ ነን ወይ አዲስ አበባ። በመካከሉ ያለውን አገር ከኛ ይልቅ ሹፌሮች ያውቁታል።

ባለፈው ጥቅምት ወር ለአንድ ቀን ያደረግነው ጉዞ የተጠነሰሰው በአንዲት ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቁርኣን ትምህርት ሲወጡ ለተሰበሰቡ ወጣቶች፣ «ለመሆኑ ጊቤ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልናቸው። አንዱ ወደ ዓባይ አለ። አንዱ ጅማ ሲደርስ ያልቃል አለ። የቀሩት ዝም አሉ። እነዚህ ልጆች በጊቤ ሲዋኙ ያደጉ፣ ከዳሩም ዉዱእ አድርገው የሰገዱ ናቸው። ደጃቸውን አልፎ የሚሄደው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ አለማወቃቸው እኛን አስተማሪዎቻቸውን አሳፈረን። ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን እንድናስተውል ደጋግሞ ያዘናል፤ እኛ ግን አንቀጹን አስቀራን እንጂ ልጆቹን ይዘን ወጥተን አናውቅም።

ገንዘቡን ማሰባሰብ አላስቸገረም። ያስቸገረው የወላጅ ፈቃድ ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በነበረው አለመረጋጋት የተነሣ «መንገድ» የሚለው ቃል ለእናቶች የጭንቀት ቃል ሆኖ ቆይቷል፤ ሰው የግድ ካልሆነበት አይንቀሳቀስም። በዚህ ላይ ለመዝናናት ገንዘብ ማውጣት ኢስራፍ አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄም ተነሣ። ከሁሉም የጠነከሩብን አንድ የእህል ነጋዴ አባት ናቸው።

«ውሃ ለማየት ብር ትከፍላላችሁ? ጊቤ እዚሁ በነጻ ይፈሳል» አሉን።

የቁርኣኑን ትእዛዝ ጠቀስንላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እሱስ ሐቅ ነው። ግን ልጄን ከመግሪብ በፊት በሬ ላይ ካላየኋት ሁለተኛ እንዳትጠይቁኝ» አሉ። ኢንሻአላህ ብለን ቃል ገባን።

ሱብሒን በመስጊድ ሰግደን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በተከራየናት ሚኒባስ ተነሣን። ከሹፌሩ ጋር አሥራ ሁለት ነበርን፤ ከነዚህም ውስጥ ሁለቱ ልጃገረዶቹን ይዘው የመጡ እናቶች ናቸው። አንደኛዋ አዛውንት እናት ጉልበታቸውን ሲያማቸው ለአምቦ ፍል ውሃ በየጊዜው የሚመላለሱ ሲሆኑ፣ «እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት» ብለው ከፊት ተቀመጡ። ጊደር እስክንደርስ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ብንል አይቀየሙንም። ጉደር ማለታችን ነው፤ የእርሳቸው አነጋገር ተጋብቶብን ነው።

መጋረጃ መሳብ ክልክል ነው ብለን ስለ ነበር ልጆቹ መስኮቱን ተሻሙበት። ከከተማው እንደወጣን የደረሰው በቆሎ ግራና ቀኙን ሞልቶታል። ባኮ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ቀመስ አገር ናት፤ በቆሎ ይስማማታል። በከተማችን ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ቢኤች 660» የተባለው ዲቃላ ዘር በአገራችን በሰፊው ከተዘሩት አንዱ ነው። «ቢ» ባኮ ማለት እንደሆነ ስንነግራቸው ልጆቹ አላመኑንም። አንዱማ «የከተማችን ስም ጎጃም ገበሬ ማሳ ላይ አለ ማለት ነው?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ።

ጢቤንና ኢጃጂን አልፈን ወደ ጌዶ ስንወጣ ብርዱ ጀመረ። በቆሎው ለጤፍና ለገብስ ቦታውን ለቀቀ፤ ጤፉ ገና ወርቃማ መሆን ጀምሯል። በዚህ ከፍታ ላይ መኪናውን አቁመን ልጆቹን አወረድናቸው። የጉዞው ትምህርት ያለው እዚህ ነውና። በዚህ አካባቢ ከላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ኋላችን፣ ወደ ባኮ በኩል የወረደው ወደ ጊቤ ይገባል፤ ጊቤ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞም በረሃውን አቋርጦ ቱርካና ሐይቅ ይገባና እዚያው ይቀራል። ወደ ፊታችን የወረደው ደግሞ ወደ ጉደር፣ ከጉደርም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በካርቱም በኩል አድርጎ፣ ካይሮን አልፎ፣ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ኬንያ፣ አንዱ ግብጽ ማለት ነው። ልጆቹ መሬቱን ጎንበስ ብለው ያዩት ጀመር፤ መስመር የተሰመረበት ይመስል። አንዱ ከኮዳው ጥቂት ውሃ መንገዱ መካከል ላይ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ ጠበቀ። አቧራው ጠጣው።

የጉደርን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው ከወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ነው፤ ይህ ለኛ የሚሆን ዝና አይደለም። ፏፏቴዋ ግን የአላህ ሥራ ነውና ቆመን አየናት። ከጉደር አምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ ሰንቀሌ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው የአምቦ ውሃ ፋብሪካ አለ። በአምቦ ከተማ መካከል የሚያልፈውን የሁሉቃን ወንዝ ከድልድዩ ላይ አሳየናቸው። ሁሉቃ ከደንዲ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ የሚሄድ ነው። ቁርስ በላን። የያዝነው ጭኮና የባኮ ማንጎ ነበር፤ በመንገድ ላይ ባሉ ከተሞች የሙስሊም ምግብ ቤት እንደልብ ስለማይገኝ መንገደኛ ሙስሊም ስንቁን ይይዛል፣ ያልያዘ ሽሮ ያዛል።

ከአምቦ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ዳገት ይዘን ወደ ወንጪ ወጣን። የወንጪ ተራራ አናት ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ከባኮ ሙቀት የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ የእኛም ተንቀጫቀጨ። ከዳርቻው ቆመን ቁልቁል ስናይ ግን ብርዱን የሚያስብ አልነበረም። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ዛሬ ውሃ ሞልቶታል፤ በዙሪያው እንሰትና ገብስ፣ በመካከሉ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ነው። ይህን የሰማ የውጭ አገር ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል፤ እኛ በግማሽ ቀን የምንደርሰው ሰዎች ግን ከአሥራ ሁለታችን ከዚህ በፊት ያየው ሹፌሩ ብቻ ነበር።

ወደ ሐይቁ በእግር ወረድን። አዛውንቷ እናት በፈረስ ወረዱ። ዳር ደርሰን ለዙህር ዉዱእ ስናደርግ ወጣቶቹ ወደ ውሃው ገብተው መንቦጫረቅ ሲጀምሩ፣ እርሳቸው በአንዲት ትንሽ ኮዳ ቀድተው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ታጠቡ። «እማማ፣ ይህን ያህል ሐይቅ ፊትዎ ላይ ሳለ ይቆጥባሉ?» አላቸው አንዱ። «ሐይቁ የእኔ ነው እንዴ?» አሉት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ሙሉ በሚሆን ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር ለልጆቹ ስንት ጊዜ አስተምረናል! እንደዚያች መልስ የገባላቸው ግን የለም።

በሶላቱ ላይ ትንሽ ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን የሻፊዒይ መዝሀብ የሚከተሉት ዙህርንና ዐስርን አሳጥረው በአንድነት እንስገድ ሲሉ፣ ሐነፊዮቹ ማሳጠሩን ተቀብለው ዐስርን በጊዜው እንሰግዳለን አሉ። ሁለቱም የታላላቅ ዑለማእ መንገድ ስለሆነ ክርክሩን አላስረዘምነውም፤ ዙህርን በጀማዓ ሁለት ረክዓ ሰገድን፣ ከዚያ ሁሉም በመዝሀቡ ሄደ። ፈረሱን የሚጎትተው የአካባቢው ገበሬ ክርስቲያን ነው። ወዴት ዞረን እንደምንሰግድ ጠይቆ «ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ» ስንለው፣ «እንግዲያ ወደ አምቦ በኩል ነዋ» አለና ነፋስ የማይመታውን ቦታ መረጠልን። ለአዛውንቷ ጋቢውን አነጠፈላቸው። እኛ ስንሰግድ ፈረሱን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ።

ከሶላት በኋላ የነጋዴው ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ነው ጉዞውን ሙሉ ያደረገው። «የዚህስ ሐይቅ ውሃ ወደ የትኛው ነው? ወደ ግብጽ ነው ወይስ ወደ ቱርካና?» አለች። ደንዲና ወንጪ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የደንዲ ውሃ በሁሉቃ በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ የወንጪ ውሃ ግን ወልጋ ወንዝ ሆኖ ወደ ደቡብ ይወርድና ከጊቤ ጋር ይገናኛል። ይህን ስንነግራት ዝም ብላ ውሃውን አየችው። «ታዲያ የኛው ነዋ» አለች።

እዚህ ላይ ብናቆም መልካም ነበር፤ የተመለስንበትን ግን መደበቅ አይገባንም። ከጉደር ወጥተን ወደ ጌዶ ዳገቱን ስንጀምር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ሲወርድ አየር የለውም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ሲነጋ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየን፣ ስኮርታውን አላየንም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌሩንና ጎማውን ጭኖ ወደ ጉደር ወደ ጎሚስታ ወሰደልን። እኛ መንገድ ዳር ቀረን። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ፀሐይዋ እየወረደች ስትሄድ የልጆቹ ጨዋታ ቀዘቀዘ፤ እናቶቹ ዝክር ያዙ። እኛም የገባነውን ቃል እያሰብን አስፋልቱን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ሆነ ሥራችን። በአቅራቢያው ካለ ጎጆ አንዲት ሴት በርጩማ ለእናቶቹ፣ ቆሎ ለልጆቹ ይዛ መጣችና መኪናው እስኪመጣ አብራን ተቀመጠች። የማን ልጆች እንደሆንን አልጠየቀችንም።

መግሪብን እዚያው ሰገድን። ጎማው መጣ። ባኮ የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

አባቶች ባትሪ ይዘው አስፋልቱ ዳር ቆመው ነበር። ነጋዴው ምንም አልተናገሩም፤ ልጃቸው ስትወርድ በባትሪው ፊቷን አዩ፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። እኛ ይቅርታ ስንጠይቅ አልመለሱልንም። ከዚያ ወደ እርሷ ዞረው፣ «እና ምን አየሽ?» አሏት።

«አባ፣ የወንጪ ውሃ ወርዶ ወርዶ ከኛ ጊቤ ጋር ነው የሚገናኘው!»

ጥቂት ቆዩ። «እንግዲያ ውሃው ራሱ ሊገናኘው እየሄደ፣ እናንተን ምን አደከማችሁ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ሚኒባሷ ኋላ ዞሩና ባትሪያቸውን አበሩ፤ የወረደውን ጎማ በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«የሚመጣው ጊዜ ስኮርታውን እኔ ነኝ የማየው» አሉ።