አውሮፕላኑ የማን ነው?

ትየርኪዲ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኢታንግ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። የተቋቋመው በ2006 ዓ.ም.፣ በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በተቀሰቀሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ በአብዛኛው በፓጋክ በኩል ድንበር ተሻግረው የገቡ የኑዌር ተወላጆች ናቸው። እኔ በዚህ ስፍራ ሥዕልና የእጅ ሥራ አስተምራለሁ። ወረቀትና ቀለም ብዙ ጊዜ ያጥረናል፤ ጭቃ ግን አጥሮን አያውቅም። የኑዌር ልጅ ደግሞ ጭቃ ካገኘ የሚሠራው በሬ ነው። አንዱን ቀንድ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አጉብጦ፣ ሻኛውን ከፍ አድርጎ፣ መልኩን በአመድ አዥጎርጉሮ ያቆመዋል። እንዲያው በሬ ብቻ አይደለም፤ ባለቤት ያለው በሬ ነው። በባህላቸው ጎረምሳው ስሙን ከበሬው መልክ ይወስዳልና፣ በሬውን አይቶ ባለቤቱን መጥራት ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከበሬ ቀጥሎ የሚሠሩት አውሮፕላን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2006 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ እህል እያስጫነ፣ መንገድ ወደሌለው የደቡብ ሱዳን ምድር ከሰማይ ያስጥል ነበር። የዛሬዎቹ ተማሪዎቼ ያኔ ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ቢሆኑም፣ ከሰማይ ስለሚወርደው ጆንያ ከእናቶቻቸውና ከታላላቆቻቸው ሰምተዋል። በዚያው ዓመት ክረምት የሌችዎር መጠለያ በጎርፍ ተውጦ ሕዝቡ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር መገደዱን የሚያስታውስ ሰው፣ በዚህ ረባዳ ምድር አውሮፕላን ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አይሻም።

ባለፈው ኅዳር የወንድሜ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ሙያው አብራሪነት ነው። አባቱ እርሱን ለማሠልጠን ከመንገድ ዳር የነበረችውን ሱቁን ሸጧል። ልጁም አላሳፈረውም፤ ፈቃዱን ይዞ ተመልሶ፣ የእርዳታ ሠራተኞችንና መድኃኒት በሚያመላልስ ባለአንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ ሆኖ ተቀጠረ። የመጣው ግን በአውቶቡስ ነው።

ወደ ክፍል ይዤው ስገባ ልጆቹ «ማሌ፣ ማሌ» እያሉ ተቀበሉት። «ቲቸር፣ እንግዳው ምን ይሠራል?» ተባልሁና ነገርኋቸው። ጸጥታ ሆነ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ክንፏን ገና አለስልሶ ያልጨረሳትን የጭቃ አውሮፕላን እንደያዘ ብድግ አለና፣ «የምታበረው አውሮፕላን የማን ነው?» ሲል ጠየቀው።

የወንድሜ ልጅ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ገታ። እንዲህም ብሎ መለሰለት። አውሮፕላኑ ባሕር ማዶ ያለ አከራይ ንብረት ነው። ከአከራዩ የወሰደው አዲስ አበባ ያለ አንድ አነስተኛ የበረራ ድርጅት ነው። ከዚያ ድርጅት ደግሞ ከነአብራሪው፣ ከነጥገናውና ከነመድኑ የተከራየው አንድ የእርዳታ ተቋም ነው። የተቋሙን ሒሳብ የሚከፍሉት ሩቅ አገር ያሉ ለጋሾች ናቸው። ልጁ በጣቶቹ እየቆጠረ አዳመጠና አራት ላይ ሲደርስ ቀና አለ። «አንተስ?» አለው።

ማታ በደጃፌ ተቀምጠን የሆነውን ሁሉ ያጫወተኝ ይህ ጥያቄ ሳይከነክነው አልቀረም መሰለኝ። ውሉ በየወሩ የተወሰነ የበረራ ሰዓት፣ ተበረረም አልተበረረም፣ እንዲከፈል ያዛል። በሐምሌና በነሐሴ የገጠሮቹ የአፈር ማረፊያዎች ረግረግ ሆኑ። ድርጅቱ፣ አውሮፕላኔ ዝግጁ ነበር፣ ዝናብ ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነውና ክፍያዬ አይነካም አለ። ተከራዩ በበኩሉ፣ አውሮፕላኑ የቆመው በዝናብ ሳይሆን መለዋወጫ በመጠበቅ ነው፣ ላልተሰጠኝ አገልግሎት አልከፍልም አለ። «ጋሼ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ነበራቸው» አለኝ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር መሪው ላይ የነበረው እርሱ ነውና ያውቃል። ግን ማንም ጠርቶ አልጠየቀውም። ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ውሉ ፈረሰ፤ አከራዩ አውሮፕላኑን ወደ ሌላ አገር ወሰደ፤ የአብራሪዎቹ ቅጥርም ከዚያ ውል ጋር የታሰረ ነበርና አብሮ ቀረ።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ተራ የሥራ መፍታት ይመስላል፤ የአብራሪነት ጠባይ ግን የተለየ ነው። አናጢ ሥራ ቢያጣ መጋዙን ሰቅሎ ይቆያል፤ በዓመቱ ቢጠሩት አውርዶ ይሠራል። አብራሪ ተሳፋሪ ይዞ ለመብረር በቀደሙት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ መነሣትና ማረፍ አለበት። የጤና ምርመራውም፣ የብቃት ፈተናውም በየጊዜው ይታደሳል። ቀኑ ካለፈ መልሶ ለመብቃት አውሮፕላን ያስፈልጋል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ በውሉ ሄዷል። የወንድሜ ልጅ የመጨረሻ በረራው በነሐሴ መገባደጃ ነበር። ከአልጋው ራስጌ ባንጠለጠለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ ያሰመረው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ውል ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። የራሳችን ታሪክ ሌላ ይነግረናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አስተዳደሩና የበረራ ሥራው የተሰጠው በውል ለአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገውን የመጀመሪያ በረራ የመሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ውሉ በየጊዜው ሲታደስ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ መተካት ከዓላማዎቹ አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለማየሁ አበበ በዲሲ-3 ላይ ዋና አብራሪ ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ በ1975ም የቲ.ደብልዩ.ኤ. ውል አበቃ። ያ ውል ሲያበቃ መሪውን የሚይዝ የአገር ልጅ ነበረ። ውሉ ሲጻፍ ሰውየው ታስቦ ነበርና።

የሚያስገርመው የአስተማሪው መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከስሮ በአሜሪካን አየር መንገድ ሲጠቀለል፣ አብራሪዎቹ በቀድሞ ውላቸው የነበራቸውን የቅጥር ቅደም ተከተል መብት እንዲተዉ ተገፉ። በዚያ ሙያ ቅደም ተከተል ማለት እንጀራ ማለት ነው፤ የትኛውን አውሮፕላን እንደምታበር፣ የትኛው በዓል ላይ ከቤትህ እንደምትውል፣ ቅነሳም ሲመጣ ማን አስቀድሞ እንደሚሰናበት የሚወስነው እርሱ ነው። ለዓመታት ያገለገሉ ብዙ ሰዎች ከአሜሪካን ዝርዝር ግርጌ ተመዘገቡ፤ ከመስከረሙ ጥቃት በኋላ ቅነሳው ሲመጣም ብዙዎቹ ተሰናበቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ጀርሲ የተሰየመ የዳኞች ሸንጎ፣ የገዛ ማኅበራቸው በቅንነት አልወከላቸውም ሲል ወሰነ። አሥር ዓመት ዘግይቶ።

በዚያው አገር አነስተኛ የክፍለ ሀገር አየር መንገዶች በትልልቆቹ ስምና ቀለም፣ በውል ያበራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዩናይትድ የአነስተኛ ጄቶቹን ሥራ ለኮምዩትኤር ጠቅልሎ ሲሰጥ፣ ለዓመታት ያገለገለው ኤክስፕረስጄት በመስከረም ማብቂያ በረራውን ዘጋ። ይህን ለወንድሜ ልጅ የነገርሁት ሊጽናና ይችላል ብዬ ነበር፤ አልተጽናናም። «እነርሱ ቢያንስ ማኅበር ነበራቸው፣ ጋሼ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በየዓመቱ ውሌን የማድስ መምህር ነኝ። ለጋሹ ሐሳቡን ቢለውጥ የጭቃው ትምህርት በሰኔ ያበቃል። ሆኖም እኔ ጭቃ ማላቆጥ በ90 ቀን አልረሳም፤ ፈቃድም አይጠየቅበትም። ስለዚህ ከእርሱ ጋር እኩል ተጎጂ ነኝ ብዬ ለመናገር አልደፍርም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ውል ውስጥ ለአውሮፕላኑ መድን ተገብቶለታል፣ ለሞተሩ የጥገና ገንዘብ በየሰዓቱ ይቆረጥለታል፣ ጠብ ቢነሣ የትኛው ከተማ ያለ ገላጋይ እንደሚዳኘው ሳይቀር ተጽፏል። ውሉ ቢፈርስ አብራሪው ብቃቱን የሚጠብቅበት ሦስት መነሣትና ሦስት ማረፍ ግን በየትኛውም አንቀጽ አልተጻፈም። ሦስት ጊዜ መነሣትና ማረፍ ከጧት እስከ ረፋድ ያልቃል።

ዘጠናው ቀን የሞላው እኔ ዘንድ እያለ ነው። በማግስቱ ጧት አብሮኝ ትምህርት ቤት መጣ። ያ ልጅ አውሮፕላኗን በፀሐይ አድርቆ ጨርሷት ጠበቀው። ክንፎቿን እንደ በሬ ቀንድ አጉብጧቸዋል፤ በጎኗም በእሾህ የሆነ ምልክት ጭሮባታል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «የባለቤቷ ምልክት» አለኝና አውሮፕላኗን ለወንድሜ ልጅ ሰጠው። እርሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ሲያገላብጣት ቆየ።

በአውቶቡስ ትሰበራለች ብሎ እኔ ዘንድ ትቷት ሄደ። በመስኮቴ ላይ ናት፤ በእሳት ያልተተኮሰ ጭቃ ነውና አንደኛው ክንፏ ሥር ተሰንጥቋል። ወንድሜ እሑድ እሑድ ይደውላል። ከጤንነት ጥያቄ በኋላ ሁልጊዜ፣ «ያ ልጅ በረራ ጀመረ ወይ? አንተን አይደብቅህም» ይለኛል። ሱቁን ስለሸጠባት ቀን እንዳያነሣብኝ ፈርቼ፣ «በቅርቡ ነው ይላል» እለዋለሁ። ዘጠናው ቀን ማለፉን እስካሁን አልነገርሁትም።