ስለ ዮጋ ቪዲዮ አመራረጣችን

አንድ የክፍላችን ልጅ አንገቱን እንደ ግንድ አድርቆ ወደ ትምህርት ሲመጣ አይታችሁ ስትጠይቁን «ትራስ አጣሞት ነው» ብለናችሁ ነበር። ትራስ አይደለም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

ስድስት ሆነን በአንድ መኝታ ክፍል እናድራለን። ቀኑን ሙሉ በመቀመጥ የደረቀ ወገባችንን ለማፍታታት ጧት ጧት ዮጋ እንሥራ ተባባልን። አስተማሪ የለንም፤ ያለን አንድ ስልክና ትንሽ የኢንተርኔት ካርድ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ መረጥን። ምን መረጣችሁ አትሉንም? በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፍ ሰውዬ! ሙዚቃው ልብ ይሰርቃል፤ ንግግር ግን ጭራሽ የለውም። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው በጭንቅላቱ ቆመ። እኛም «አይዞህ፣ ትችላለህ!» እያልን የጓደኛችንን እግር ወደ ላይ ገፋነው። የቀረውን አንገቱ ይናገራል። (እሱ እስከ ዛሬ አልወቀሰንም፤ ይበልጥ የሚከነክነንም ይኸው ነው።)

የስፖርት መምህራችን ጉዳዩን ሲሰሙ አልተቆጡንም። «እናንተ ዕጩ መምህራን አይደላችሁም እንዴ? በማስተማር ልምምድ ጊዜ ጓደኛችሁን የምትተቹበት ዓይን የት ሄደ?» ብቻ አሉን። ቀጥለውም ስለ ሕንዳዊው የዮጋ መምህር ስለ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር አጫወቱን። እኒህ ሰው በልጅነታቸው በሽታ ያደቀቃቸው ነበሩ። በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ በብዙ አገር ሲታወቅ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በ95 ዓመታቸው አርፈዋል። ሰውነቱ እምቢ ላለው ተማሪ ወንበር፣ ቀበቶ፣ ብርድ ልብስ እያቀረቡ ነበር የሚያስተምሩት።

ሁለተኛ ጊዜ ስንመርጥ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፍተን ድምፁን ብቻ አዳመጥን። አጎንብሶ ጉልበቱን የሚያይ ሰው በምን ዓይኑ ስልክ ያያል? በዚህ ፈተና ብቻ አብዛኞቹ ወደቁ። ከተረፉት አንዷን ያዝን። አስተማሪዋ ፊቷን ወደኛ አድርጋ «ቀኝ እግር» ስትል የምታነሳው የራሷን ግራ ነው፤ ለካስ እንደ መስተዋት እንድንከተላት ብላ ኖሯል። ሰሌዳ ፊት ስንቆም ይህን የምናስብ ስንቶቻችን ነን? ጎንበስ ስትል ጀርባዋ እንዲታየን ወደ ጎን ትዞራለች። የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት ራሱን ቁልቁል እንዳይደፋ አስቀድማ ትናገራለች። እጁ መሬት ያልደረሰለትንም አትገፋውም፤ «ወንበር ያዝ» ትለዋለች።

ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ እንጂ ባሕር የለም፤ ሙዚቃም የላትም። አንዳችን «ኧረ ታሰለቻለች!» እያለ ዛሬም ያጉረመርማል። እውነቱን ለመናገር፣ ታሰለቻለች።

አሁን ጧት 12 ሰዓት ላይ አምስት ሆነን ሰሌን እናነጥፋለን። ጓደኛችን ሐኪም እስኪፈቅድለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይይዝልናል። አስተማሪዋ እኛን ልታየን አትችልምና፣ «አንተ፣ ጉልበትህን እጠፍ!» የሚለን እሱ ነው።